የሪያቼ ነገር፦ ባዶ መንደር በስደተኛ ሲሞላ ምን ይሆናል?

ስለ ሪያቼ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረው ወሬ መልኩ ብዙ ነው። አንዱ «ጣሊያን ውስጥ ለስደተኛ ነፃ ቤትና ሥራ የምትሰጥ መንደር አለች» ይላል። ሌላው «ስደተኛ ስለረዳ ብቻ 13 ዓመት የተፈረደበት ከንቲባ» እያለ የዶሜኒኮ ሉካኖን ፎቶ ይለጥፋል። የጣሊያን ቀኝ ፖለቲከኞች ደግሞ «በስደተኛ ስም የሕዝብ ገንዘብ ያባከነ» ይሉታል። ሦስቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ሦስቱም ግን ዋናውን ነገር ይዘሉታል።

ዋናው ነገር ይኼ ነው። ሰው ያለቀባት የኮረብታ መንደር ዳግም እንድትቆም ዓመታት ያስፈልጓታል። የጣሊያን መንግሥት ስደተኛ ለሚቀበል ከተማ የሚሰጠው ገንዘብ ግን በቀን ይሰላል፣ ቆይታውም በወራት የተገደበ ነው። የሪያቼ ትንሣኤም ውድቀትም በአብዛኛው የመጣው እነዚህ ሁለት ነገሮች ስላልተገጣጠሙ ነው ባይ ነኝ። ይህን ለማየት ግን ከከንቲባው በፊት ከመንደሯ መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ለምን ኮረብታ ላይ ሰፈረ? ለምንስ ወረደ?

ሪያቼ ያለችው በደቡብ ጣሊያን፣ ካላብሪያ በሚባለው ክልል፣ በኢዮንያ ባሕር በኩል ነው። አሮጌዋ መንደር ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ ሲታይ ባሕሩ እዚያው ሥር ያለ ይመስላል፤ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው። ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙ፣ በመካከላቸው አህያ ከነጭነቷ እንደምንም የምታልፍበት መተላለፊያ ያላቸው።

እዚያ ላይ የሰፈሩት ለእይታው ብለው አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት በካላብሪያ ባሕር ዳር ሁለት ነገር ይፈራ ነበር። አንዱ በመርከብ እየመጣ የሚዘርፍና ሰው የሚማርክ ወራሪ ነው። ሁለተኛው ወባ ነው። ቆላውን ለወባ ትቶ ደጋ መስፈር ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ገበሬው ላይ አድሮ ታች ያርሳል፤ ወይራውን፣ ወይኑን፣ ስንዴውን ይዞ ማታ ወደ ኮረብታው ይመለሳል።

20ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ምክንያት አንድ በአንድ አፈረሰው። የባቡር ሐዲዱም ዋናው አውራ ጎዳናም የተዘረጋው በባሕሩ ዳርቻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወባ ጠፋ። በ1951 ደግሞ ካላብሪያን ከባድ ጎርፍ መታት፤ አፍሪኮ የምትባለው የተራራ መንደር ያኔ እንዳለ ተለቅቃ ነዋሪዎቿ ባሕር ዳር በተሠራላቸው አዲስ ሰፈር ገቡ። ሪያቼ እንደዚያ በአንድ ቀን አልተለቀቀችም። ቀስ እያለች ነው የወረደችው። ሱቁ፣ ፋርማሲው፣ አዲሱ ቤት ሁሉ ሪያቼ ማሪና በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር እየተተከለ ሄደ።

የቀረውን ስደት ወሰደው። የካላብሪያ ሰው መጀመሪያ ወደ አሜሪካና አርጀንቲና፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወደ ቶሪኖ፣ ሚላኖ፣ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሄደ። በ1990ዎቹ ላይኛው ሪያቼ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት መቶ ብቻ ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ሽማግሌና ባልቴት።

ቤቶቹስ ለምን አልተሸጡም? የጣሊያን ውርስ ሕግ ለልጆች ያካፍላል። አባት ይሞታል፣ ቤቱ ለአምስት ልጅ ይሆናል፣ ከአምስቱ ሁለቱ ሲሞቱ ለልጆቻቸው ይተላለፋል። በሁለት ትውልድ ውስጥ የአንዲት ሁለት ክፍል ቤት ባለቤቶች ቦነስ አይረስም፣ ቶሪኖም፣ ሜልቦርንም የሚኖሩ አሥራ ምናምን ሰዎች ይሆናሉ። ለመሸጥ የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል። የሚገኘው ዋጋ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬታቸውን እንኳ አይሸፍንም። ስለዚህ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጣል፣ አንድ ክረምት የጣሪያ ሸክላ ይንሸራተታል፣ ውሃ ይገባል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል። በየጊዜው የምንሰማው «የአንድ ዩሮ ቤት» ማስታወቂያ የሚወለደውም ከዚሁ ችግር ነው።

ነሐሶቹና ሁለቱ ሐኪሞች

ከስደተኞቹ ታሪክ በፊት ዓለም ሪያቼን ያወቃት በሁለት ሐውልቶች ነው። ነሐሴ 1972 አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ከባሕር ዳርቻዋ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ስምንት ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከአሸዋ የወጣ ክንድ አየ። ሲወጡ የሰው ቁመት የሚያህሉ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሁለት የግሪክ ጦረኞች የነሐስ ሐውልቶች ሆነው ተገኙ። ዛሬ ከጥንታዊ የነሐስ ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ከሚባሉት ተርታ ናቸው። «የሪያቼ ነሐሶች» ይባላሉ እንጂ ያሉት ሪያቼ አይደለም፤ ሬጆ ካላብሪያ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጎብኚውም ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ቅርስ መገኘቱ ብቻ መንደር እንደማያድን ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

የመንደሯ ሰው ልብ ውስጥ ያለው ቅርስ ግን ሌላ ነው። ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 22 የሚዘከሩት፣ ያለ ክፍያ ያክሙ የነበሩት ወንድማማች ሐኪሞች። ትውፊቱ ከዐረብ ምድር እንደመጡ ይናገራል። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ሐውልታቸው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው በሰልፍ ይወሰዳል። ከሰልፈኞቹ መካከል ከመላው ካላብሪያ የሚመጡ የሮማ ሕዝብ (በተለምዶ «ጂፕሲ» የሚባሉት) ቤተሰቦች አሉበት፤ በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገለሉት ሰዎች እዚህ ከቅዱሳኑ ፊት ለፊት በከበሮና በአኮርዲዮን ይጨፍራሉ። እነዚህን ሁለት ቅዱሳን እንይዛቸው፤ በኋላ በፖለቲካው ውስጥ ይመጣሉ።

የ1998ቱ ጀልባ

በታኅሣሥ 1997 ከሪያቼ ብዙም በማትርቀው በባዶላቶ ባሕር ዳር አንዲት መርከብ ከ800 በላይ ሰው ይዛ ቆመች፤ አብዛኞቹ ኩርዶች ነበሩ። ባዶላቶም ባዶ ቤት የሞላባት የኮረብታ መንደር ናት። በ1986 «መንደር ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ወጥቶላት ነበር። ሰዎቹ እነዚያ ቤቶች ውስጥ ገቡ። በሐምሌ 1998 ደግሞ ሪያቼ ዳርቻ ሁለት መቶ ያህል ኩርዶች የጫነች ጀልባ መጣች።

ዶሜኒኮ ሉካኖ የሚባል የአካባቢው መምህር ነገሩን ያየው በሌላ ዓይን ነው። ላይ ቤት አለ፣ ሰው የለም። ታች ሰው መጥቷል፣ ቤት የለውም። በ1999 ከጓደኞቹ ጋር «ቺታ ፉቱራ» የተባለ ማኅበር አቋቋመ፤ ትርጉሙ የወደፊቷ ከተማ ማለት ነው። ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶችን እየጠሩ ቤታቸውን እንዲያውሷቸው ለመኑ። ተበድረው ጣሪያ ጠገኑ። በ2004 ሉካኖ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ እስከ 2018ም ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት ከሃያ በላይ አገሮች የመጡ ሰዎች ሪያቼ ኖረዋል። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ አፍጋኖች፣ ናይጄሪያውያን፣ ሶርያውያን። ትምህርት ቤቱ ተማሪ አገኘ። ቡና ቤቱ ደንበኛ አገኘ። ቆሻሻ በጠባቦቹ መንገዶች በአህያ ይሰበሰብ ጀመር፤ ለመንደሩ ሰውም ለስደተኛውም ሥራ ሆነ። በ2009 የካላብሪያ ክልል ምክር ቤት ስደተኛ መቀበልን ከተራቆቱ መንደሮች ልማት ጋር የሚያያይዝ ሕግ ሲያወጣ ምሳሌው ሪያቼ ነበረች። በ2016 ፎርቹን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሉካኖን ከዓለም 50 ታላላቅ መሪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ሁሉም ሰው ደስ አላለውም። በ2009 አንድ ሌሊት የማኅበሩ ምግብ ቤት በር ላይ ጥይት ተተኮሰ። የከንቲባው ውሾች በመርዝ ሞቱ። አካባቢው ንድራንጌታ የሚባለው የካላብሪያ ማፊያ ሥር የሰደደበት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቁጥቋጦ የሚወጣ ክር

ስለ ሪያቼ ሲወራ «የእጅ ሥራ ቤቶች» ተብሎ በአንድ ቃል የሚታለፈውን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። በካላብሪያ ተራራ ላይ ቢጫ አበባ የሚያብብ፣ ቅጠሉ እምብዛም የማይታይ፣ ቀጫጭን ዘንግ ያለው ቁጥቋጦ ይበቅላል። ጂኔስትራ ይሉታል። የድሮ ሴቶች ክር ያወጡት ከሱ ነው። ዘንጉ በበጋ ይቆረጣል፣ በዐመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ ወራጅ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ለቀናት ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ ልጡ ይላጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይታጠባል፣ ይበጠራል። ቃጫ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጭረቱ እየተፈተለ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ጆንያ ይሸመንበት ነበር።

የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ ይህ ሥራ ቀረ። እውቀቱ ጥቂት አሮጊቶች እጅ ላይ ብቻ ነበር። ማኅበሩ ያደረገው ነገር የሽመና ቤቱን ከፍቶ አንድ የመንደሩን ሰው ከአንድ ስደተኛ ጋር ማቀናጀት ነው። በሸክላው፣ በመስታወቱ፣ በጥልፉም እንደዚሁ። ይህ ለእኔ ከመላው ፕሮጀክት ጠንካራው ሐሳብ ነው። ስደተኛው ተመጽዋች ሆኖ አልተቀመጠም፤ ሊጠፋ የነበረ እውቀት ተረካቢ ሆነ።

ግን ደካማ ጎኑንም መሸፈን አይገባም። በእጅ የተሠራ ጨርቅ ገዢው በበጋ የሚመጣው ጎብኚ ነው፤ ጎብኚው ሲቀር ገቢው ይቀራል። የሠራተኞቹ ክፍያ በአብዛኛው የሚመጣው ከሽያጩ ሳይሆን ከስደተኛ ፕሮጀክቱ በጀት ነበር። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

35 ዩሮው ማን ኪስ ነው የሚገባው?

ጣሊያን «ስፕራር» የሚባል አሠራር ነበራት። ተገን ጠያቂዎችንና ስደተኞችን በትልልቅ ካምፕ ከማጎር ይልቅ በየከተማውና በየመንደሩ ቤት ውስጥ የሚያኖር ሥርዓት ነው። ማዘጋጃ ቤት በፈቃዱ ያመለክታል፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይከፍላል፣ ሥራውን ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ድርጅቶች ያካሂዳሉ። ከዚህ ጎን ለጎን «ካስ» የሚባሉ ጊዜያዊ ማዕከላት አሉ፤ እነሱ የሚተዳደሩት በየአውራጃው ባለው የመንግሥት ተወካይ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። ስፕራር በ2018 ስሙም አሠራሩም ተቀይሮ ጠበበ፤ በ2020 ደግሞ «ሳይ» ተብሎ ሰፋ ብሎ ተመለሰ።

ክፍያው በአንድ ሰው በቀን 35 ዩሮ አካባቢ ነበር። «ስደተኛ በቀን 35 ዩሮ ይበላል» የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የተነሳው። ስደተኛው እጅ የሚገባው የኪስ ገንዘብ ግን ጥቂት ዩሮ ብቻ ነው። የቀረው የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ የቋንቋ አስተማሪ፣ አስተርጓሚ፣ የሕግ አማካሪ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በሌላ አነጋገር አብዛኛው ገንዘብ የሚቀረው እዚያው መንደር ውስጥ ነው፤ ሥራ ላጡ የካላብሪያ ወጣቶችም እንጀራ ሆኗል።

«ነፃ ቤት ይሰጣሉ» የሚለውም እንደሚወራው አይደለም። ሰው ተነስቶ ሄዶ የማዘጋጃ ቤቱን በር ቢያንኳኳ ቤት አይሰጠውም። ምደባው ከማዕከል ነው፤ ቤቱ የፕሮጀክቱ እንጂ የእሱ አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ ይለቀዋል። ጣሊያን ላይ አሻራ የሰጠ ሰው ደግሞ በደብሊን ደንብ ምክንያት ጀርመን ወይም ስዊድን ሄዶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ወደ ጣሊያን ሊመለስ ይችላል። ይህ የአውሮፓ ደንብ ማመልከቻውን የትኛው አገር ይመርምር የሚለውን የሚወስን ነው። ሪያቼ ከቆዩት ብዙዎቹም ወረቀታቸውን እስኪያገኙ እንጂ እዚያ ለመኖር አስበው አልነበረም።

ሌላው ጣጣ የገንዘቡ መዘግየት ነው። ከሮም የሚላከው ክፍያ ለወራት ይቆያል። ባለ ሱቅ ደግሞ ዱቤ ሲበዛበት ይሰለቻል። ሪያቼ ለዚህ ያገኘችው ዘዴ የራሷ ኩፖን ነው፤ «ቦነስ» ይሉታል። በላዩ ላይ የጋንዲ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ፣ የቼ ጉቬራ ምስል አለበት። ስደተኛው በሱ አስቤዛውን ይገዛል፣ ባለ ሱቁ ይሰበስባል፣ የመንግሥት ገንዘብ ሲደርስ በዩሮ ይለወጥለታል። ብልህ መላ ነው። ለኦዲተር ግን ራስ ምታት ነው።

ክሱና ፍርዱ

በ2016 እና በ2017 ተቆጣጣሪዎች ወደ ሪያቼ ተመላለሱ። ሪፖርቶቻቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዳንዱ የሒሳብ ዝርክርክነትን ይዘረዝራል፣ አንዱ መንደሯን ያወድሳል። ጥቅምት 2018 ላይ ሉካኖ በቁም እስር ዋለ። በዚያን ጊዜ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስደተኛ መቀበልን የሚቃወመው የቀኝ ክንፉ የሌጋ ፓርቲ መሪ ማቴዮ ሳልቪኒ ነበር። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁለት ነገር ላይ ያተኮረ ነበር፤ አንዲት ሴት የመኖሪያ ፈቃድ እንድታገኝ የይስሙላ ጋብቻ ማመቻቸትና የቆሻሻ ማንሳቱን ሥራ ያለ ጨረታ ለሁለት የኅብረት ሥራ ማኅበራት መስጠት። ቀጥሎ ሚኒስቴሩ ፕሮጀክቱን እንዲዘጋ አደረገ፣ ሰዎቹም ወደ ሌላ ቦታ እየተነሱ ሄዱ። ሉካኖ ለአንድ ዓመት ገደማ መንደሩ እንዳይገባ ታገደ።

መስከረም 2021 የሎክሪ ፍርድ ቤት 13 ዓመት ከ2 ወር ፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው 8 ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ግን «ስደተኛ በመርዳት» አይደለም፤ ሕገወጥ ስደትን ረድቷል ከሚለው ክስ ነፃ ወጥቷል። የተፈረደበት በምዝበራ፣ በማጭበርበር፣ ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም፣ በሐሰተኛ ሰነድና ለወንጀል በመደራጀት ነው። ጥቅምት 2023 የሬጆ ካላብሪያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክስ ውድቅ አድርጎ ቅጣቱን 1 ዓመት ከ6 ወር በገደብ አደረገው። የቀረው አንድ የአስተዳደር ሰነድን የሚመለከት የሐሰት ጉዳይ ብቻ ነው። የካቲት 2025 ሰበር ይህንኑ አጸና።

በሌላ መስመር ደግሞ የአስተዳደር ፍርድ ቤቶች ሚኒስቴሩ መንደሯን ከስፕራር ያስወጣበት ውሳኔ ሕጋዊ አካሄድ እንዳልተከተለ በ2019 ወሰኑ፣ በ2020 የበላዩ ፍርድ ቤት አጸናው። ችግር ካለ አስቀድሞ አስጠንቅቆ እንዲታረም ዕድል መስጠት ነበረበት ነው ነገሩ። ያን ጊዜ ግን ቤቶቹ ባዶ ሆነዋል።

ሁለቱም ወገን የሚለው

ተቺዎቹ የሚሉትን ማጣጣል ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ደረሰኝ ይፈልጋል። ያለ ጨረታ ሥራ መስጠት፣ ያውም ማፊያ በነገሠበት አውራጃ፣ አደገኛ ልማድ ነው፤ ጥሩ ሰው ያለፈበትን በር መጥፎውም ያልፍበታል። ለስደተኛ ኑሮ የተመደበ በጀት የወይራ መጭመቂያ ማደሻ ሲሆን «በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደጋፊዎቹ ደግሞ ሉካኖ ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ሀብት እንደሌለ ያስታውሳሉ። የወይራ መጭመቂያውም፣ የአህያ ጋጣውም፣ የሽመና ቤቱም መንደሩ ውስጥ ነው ያሉት። ገንዘቡ ከቀን ወጪ ተርፎ ሥራ ወደሚፈጥር ነገር መዛወሩ ነው «ወንጀሉ» ይላሉ። ይህ ክርክር ክብደት ያለው ይመስለኛል፤ ነገር ግን ሉካኖን ከሒሳብ አያያዝ ኃላፊነት ነፃ አያወጣውም። የይግባኙ ውሳኔም ደህና አስተዳዳሪ ነበር አላለም። አብዛኛው የተባለው ወንጀል አልተረጋገጠም ነው ያለው።

የመንደሯ ሰውስ? በ2019ኙ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሪያቼ ውስጥ አንደኛ የወጣው ሌጋ ነው። በዚያው ወቅት በሌጋ የሚደገፍ ከንቲባ ተመረጠ። ብዙ ሰው «ከዳተኞች» አላቸው። ነገሩ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። አብዛኛው መራጭ የሚኖረው ታች ባሕር ዳር ነው፤ የላይኛው መንደር ማንሰራራት የእሱን ኪስ ብዙ አልነካም። ለዓመታት ዓለም ስለ ስደተኞቹ ሲያወራ እሱ ውሃው የሚቋረጥበት፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ ሚላኖ የሚሄድበት ሰው ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋም ዱቤ የቀረበት ባለ ሱቅ አለ።

አዲሱ አስተዳደር መንደሯ መግቢያ ላይ የነበረውን «ሪያቼ፣ የእንግዳ ተቀባይነት አገር» የሚል ሰሌዳ አንስቶ በምትኩ የቆዝሞስና የድምያኖስን ሰሌዳ ተከለ። «የጥንቱ ማንነታችን» ለማለት ነው። የሁለቱን ሐኪሞች ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ግን እነሱም ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ በዓላቸውም የሚደምቀው ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች አብረው መቆም ይችሉ ነበር።

በቀን የሚቆጠር ገንዘብ፣ በዓመት የምትቆም መንደር

የስፕራር ቆይታ በመሠረቱ ስድስት ወር ነበር፤ በተለየ ምክንያት ይራዘማል። ሐሳቡ ሰውየው ቋንቋ ተምሮ፣ ወረቀት ይዞ፣ ራሱን ችሎ እንዲወጣ ነው። ሥራ ባለበት ከተማ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ሪያቼ ላይ በስድስት ወር ራስን መቻል የሚባል ነገር የለም፤ የአካባቢው ተወላጅ እንኳ አልቻለውም። ሉካኖ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ሰዎች ከቤት አላስወጣም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የትምህርት ቤቱ መከፈትም በእነሱ ላይ ነው። ሚኒስቴሩ ለእነዚህ ሰዎች አልከፍልም አለ። ወጪው ተከማቸ፣ ሒሳቡ ተተበተበ። ከዝርክርክነቱ ትልቁ ክፍል የመጣው ከዚህ ነው።

ደንቡን ማክበርስ ምን ያመጣል? ጥር 2018 እዚያው ካላብሪያ ውስጥ ባለችው በሳን ፈርዲናንዶ የድንኳን ሰፈር እሳት ተነስቶ አንዲት ናይጄሪያዊት ወጣት ሞተች። ከዚያ በፊት ሪያቼ ነበረች። የጥገኝነት ጥያቄዋ ውድቅ ሲሆን ፕሮጀክቱ ውስጥ መቆየት ስለማትችል ወጣች፤ የሄደችው ብርቱካን ለቃሚ አፍሪካውያን በላስቲክና በካርቶን ጎጆ ወደሚያድሩበት ወደዚያ ሰፈር ነው። ስለ ስድስት ወሩ ደንብ ሲወራ ከማዶ ያለው ይኼ ነው።

በሌላ በኩል ሰውን ያለ ሥራ ማቆየት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ገንዘቡ ሲቆም ከመንደሯ የወጣው ሰው ብዛት ይህን ያሳያል። ከ14 ዓመት በኋላ በራሱ የሚቆም ገቢ ቢኖር ኖሮ የሚኒስቴሩ አንድ ደብዳቤ መንደሯን እንደዚያ አያራግፋትም ነበር። ይህን የምለው ሉካኖን ለመንቀፍ አይደለም። በካላብሪያ ሥራ መፍጠር ለመንግሥትም ለአውሮፓ ኅብረት ገንዘብም አልሆነለትም፤ አንድ የትንሽ መንደር ከንቲባ ለምን አልቻለም ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

ካሚኒና ከዚህ በኋላ ያለው

ከሪያቼ አጠገብ ካሚኒ የምትባል ሌላ የኮረብታ መንደር አለች። እዚያም ቤቱ ባዶ፣ ሰው ያለቀ ነበር። ከ2011 ወዲህ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ስደተኞችን፣ በተለይ የሶርያ ቤተሰቦችን፣ እየተቀበለ ቤቶች ያድሳል፣ ለጎብኚ ያከራያል፣ የእጅ ሥራ ያስተምራል። ከንቲባው በመጽሔት አይወጣም፣ በምርጫ ክርክርም ስሟ አይነሳም። የሪያቼ ሐሳብ በሌላ ስም ቀጥሏል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በከፊል የሒሳብ አያያዝ ነው፤ በከፊል ደግሞ ካሚኒ የማንም ባንዲራ አለመሆኗ ነው። ሪያቼ ዓለም አቀፍ ምልክት ስትሆን ለጠላቶቿም ምልክት ሆነች።

ሰኔ 2024 ሉካኖ በአንድ ጊዜ የአውሮፓ ፓርላማ አባልና የሪያቼ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ ያው በ2019 ሌጋን የመረጠ ሕዝብ ነው የመለሰው። የሰበሩ ውሳኔ ከጸና በኋላ ደግሞ የተፈረደበት ሰው በሥልጣን ይቆይ አይቆይ የሚለው የፀረ ሙስና ሕግ ጥያቄ ተነስቶ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ተሄዷል። ዜናው ላይ የታየው ክርክር ይህ ነው። መንደሯን በተመለከተ ግን ከወንበሩ ይልቅ የሚወስነው ነገር የሳይ ፕሮጀክት ቆይታ ነው። አሁንም መነሻው ስድስት ወር ነው። ልጅ ያለውን ቤተሰብ ቢያንስ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ የሚያቆይ፣ ከበጀቱም የተወሰነውን በግልጽ ጨረታና በደረሰኝ ለቤት እድሳትና ለሥራ መክፈቻ እንዲውል የሚፈቅድ ደንብ ቢወጣ ሪያቼም፣ ካሚኒም፣ ባዶላቶም አሁን በስውር ወይም በዘዴ የሚሠሩትን በአደባባይ ይሠሩታል። ይህን የሚጽፈው ሮም ያለው ፓርላማ ነው።